ወንፈል

ሐረጎን ባንደኛ ማርሽ እያቃሰተ
የወጣው መኪና በሩ ተከፈተ፤
ሦስት እንግዶች ወረዱ፣ ኩታበር፣ ከትምህርት ቤታችን በራፍ፣
ጉሙ ገና ከጦሳ ትከሻ ሳይገፈፍ።

ኒዲያ ከኮሎምቢያ፣ ቱዬት ከቬትናም፣ ጋሳና ከሩዋንዳ፤
ሦስቱም ባገራቸው የትምህርት አለቃ፣
ፊርማቸው ሺህ ትምህርት ቤት ከእንቅልፉ የሚያነቃ።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር፣
ኮቴን ከወንድሜ ለዕለቱ የተዋስኩ፣
«ሲስተም» የሚሉትን ቃል ካማርኛ ላስታርቅ
ሌሊቱን በሙሉ ስሸመግል ያደርኩ።

«ሥርዓት» ልበለው? ሥርዓት እኛ ዘንድ ለታላቅ መነሣት።
«መዋቅር» ልበለው? መዋቅር ወረዳ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ሥዕል ናት፣
ሣጥን ከሣጥን በላይ፣ ከሥር ደግሞ ቀስት፣
ስትወርድ፣ ስትወርድ፣ እኛ ጋ ሳትደርስ ወረቀት ያለቀባት።

ርእሰ መምህራችን ጦይባ ሙሄ ነች።
ሪፖርት አልያዘች፣ ጥራዝ አልያዘች፣
አንድ ስባሪ ጠመኔ በጣቷ እንደያዘች
ወደ ሦስተኛ «ለ» ቀድማ ገባች።
ሰማንያ አንድ ልጅ፣ ድንጋይ ላይ።
ወንበሩ በዚያ ክፉ ዘመን ማገዶ ሆኖ አለቀ፤
የማን ምድጃ እንደሞቀበት ማንም አልጠየቀ።
ጋሳና በጠቆረው ግድግዳ መዳፉን አኖረ፣
ምንም አልተናገረ፤
እኔም የምተረጉመው አልነበረ።

ከዚያ ቢሮ ገባን። ኒዲያ መነጽሯን ወልውላ
«ምን እንርዳችሁ?» አለች።
ጥያቄውን እናውቀዋለን፣ መልሱንም ሸምድደናል፦
ቆርቆሮ፣ ወንበር፣ መጽሐፍ፣ ውሃ፤
በየዓመቱ ጽፈናል፣ በየዓመቱ «ደርሶናል» ተብለናል።
ጦይባ ግን ጠመኔዋን ከጣት ወደ ጣት እያሻገረች
«እርዳታው ይቆየን፤ መጀመሪያ ንገሩኝ» አለች፣
«እናንተ ምን አበላሻችሁ?»

ተንተባተብኩ። እንግዳ ማሳፈር? በወሎ?
«ተርጉም» አለችኝ፣ «ቃሉን አታለስልሰው፤
አልሰደብኳቸውም። ሰው የሚማረው ከሰው።»

ተረጎምኩት።
ካፊያው ቆርቆሮውን አንኳኳ።
ቀድማ የሳቀችው ቱዬት ነበረች፦
«እኛ ፈተና ስንለካ ልጁን መለካት ረሳን፤
ስንቱን አንደኛ አወጣን፣ ዓይኑን በመብራት ጨረስን።»
ኒዲያ፦ «መምህሩን ሳንጠይቅ መጽሐፉን ቀየርን፣
በሦስተኛው ዓመት ካርቶኑ ሳይፈታ አይጥ በልቶት አየን።»
ጋሳና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«የማስተማሪያ ቋንቋ ባንድ ክረምት ለወጥን፤
መስከረም ሲጠባ መምህሩ ከልጁ እኩል ተንተባተበ።»

ጦይባም የራሷን ጨመረች፣ ማንም ሳይጠይቃት፦
የአቋራጭ ቁጥር እንዲያንስ ብላ
ዓረብ አገር የሄደችን ልጅ
«አለች» እያለች፣ መዝገብ ላይ ዓመት እንዳቆየቻት።
ስሟንም ነገረችን። ራውዳ እንድሪስ። አሥራ አምስት ዓመቷ።

እዚህ አገር አዝመራ ሲደርስ ወንፈል አለ፤
ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን።
ማጭዱን ይዞ የሚመጣው ሰው
ስለተረፈው አይደለም፤
የሱም ማሳ ቆሞ፣ ደመናውን አይቶ፣ ጨንቆት ነው እንጂ።
ማታ ሲሰናበቱ፣ «ዓለም አቀፍ ትብብር» በሚለው ፈንታ
ይህንኑ ቃል ጻፍኩላቸው፣ በሦስቱም ደብተር።

ውል አልተፈረመም። ፎቶውንም ጉም በላው።
በየወሩ አንድ ስልክ፣ በየስልኩ አንድ ያልተሳካ ነገር፣
ይኸው ነው የተስማሙት።
ጥቅምት ኔትወርክ ጠፋ።
ኅዳር ላይ ከኒዲያ አንድ ቃል መጣ፦
«ራውዳስ?»

ሦስተኛ «ለ» ዛሬም ድንጋይ ላይ ነው።
ጦይባ ግን ቁጥሩን ከእናትየው ተቀብላ
ጉብታው ላይ ወጥታለች፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ደግፋ።
ጂዳ ላይ ይጠራል።
ከታች ከክፍሉ የልጆች ስም ይጠራል።
ጉሙስ?
ጉሙም፣ ቢቆይ ነው እንጂ፣ ይጠራል።