እርሳስ

ስኩርቫ ወደብ ላይ፣ ከኖርዌይ ጫፍ ሰሜን፣
ሃያ ሦስት ክረምት ስይዝ የኖርኩ ሚዛን፣
እኔ ኦዱን ነኝ፤ ጣቴን ጨው የበላው፣
ዓሣ አጥማጁ ሁሉ «ስንት ነው?» የሚለው።
ፀሐይ ሳምንታትን በማትወጣበት፣
ፋኖስ በቀን በርቶ በሚሠራበት፣
ከአፌ የወጣው ቁጥር ዳቦ ነው ለቤት።

ከመመዘኛው ብረት፣ ከሆዱ ሰርስሬ፣
እርሳስ ከተትኩበት፣ በሰም ቀብሬ፤
አውራ ጣት የሚያህል፣ ካውራ ጣት ያነሰ፣
ከየቅርጫቱ ላይ ሁለት ኪሎ እየቀነሰ።
ትርፉ ለነጋዴው፣ ፍርፋሪው ለቤቴ፤
የግድግዳ ሰዓት፣ የሱፍ ሻል ለሚስቴ።

ላይዱልፍ ግን አንድ ቀን ቅርጫቱን አንሥቶ
ደግሞ አስቀመጠው፣ ክንዱን ተመልክቶ፤
«ክንዴ ሌላ ይላል» አለኝ ድምፁን አጥፍቶ።
የዱቄት፣ የመረብ፣ ዱቤውን አስልቶ፣
የጎደለውን ሊሞላ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ፣
ማንም ባልወጣበት ቀን ጀልባውን ገፍቶ ነጠለ።

ግማሽ ጀልባ ተመለሰች።

እሑድ ቄስ ብሮክማን መድረኩን ጨብጠው፦
«ሰው ትል ነው» አሉን፤ «ሰው አመድ፣ ሰው ጤዛ ነው፤
ከአዳም የወረስነው ዕዳ አለብን ሁላችን፤
ንጹሕ የለም ከቶ፣ ከእናት ማኅፀናችን።»
ሌላው ሲያለቅስ፣ የእኔ እንባ ግን ተመለሰ፤
ዕዳው የሁሉ ከሆነ፣ የእኔ የት ደረሰ?
በአዳም በደል ጫካ የእኔን ዛፍ ሸሸግሁ፤
«በድለናል» አልኩኝ፤ «በደልኩ» ግን አላልሁ።

መዝገቡን የጻፍኩት በእርሳስ ነበረ፤
ክብደቱን ያዛባው እርሳስ ነበረ፤
«እርሳ'ስ! ምን አለበት?» ልቤ እየመከረ፣
ላጲስ ባልፍበትም፣ ቁጥሩ አለ፣ ቀረ።

በታኅሣሥ ሌሊት ነው፣ በሩን ሳይነካ የገባ፤
ባሕር ሣር በፂሙ ላይ፣ ጫማው ውኃ የሚያነባ።
አያቶቻችን ሲሉ፦ ባሕር የበላው ሰው
በግማሽ ጀልባ ከመጣ፣ ሊወስድህ ነው።
ቄሱ «አጋንንት ነው» ይላሉ፤ ሐኪሙ «ትኩሳት»፤
እኔ የማውቀው ወለሉን ነው፤ ጠዋት ጨው ነበረበት።

ልብሴን ለበስኩ። «ውሰደኝ» አልኩት፤ «አልሸሽም»።
ራሱን ነቀነቀ።
«መዝነኝ» አለ።
ሌላ ቃል የለም።

ሳህኑ ላይ ቆመ፣ እንደ ቅርጫት፣ ዝም ብሎ፤
እኔ ብረት ጫንኩኝ፣ በኪሎ ላይ ኪሎ፤
የመጋዘኑን ሁሉ፣ መልሕቅ፣ ሰንሰለት፣
የሚስቴን ሻል፣ ሰዓቱን፣ የሰረቅሁትን ሳንቲም ከነከረጢት፤
የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ሳይቀር አወጣሁበት።
ንቅንቅ አላለም ሳህኑ። አንድ ባለ ዱቤ!
ትል የተባለ ሰው! ተሸበረ ልቤ፤
ጤዛ ነው ያሉት ምነው እንዲህ ከበደ?
አመድን ፈልጎ ማን ከሰማይ ወረደ?

ሲነጋ፣ ባይነጋም፣ ሰሙን በቢላ ፍቄ፣
ቶርባዮርግ ቤት ሄድኩኝ፣ በረዶ ዘልቄ።
«በደልኩ» አልኳት በሯ ላይ፤ «እኔ፣ ኦዱን፣ ብቻዬን»።
ነገርኳት ሁሉንም፣ እያየሁ ጫማዬን።
እርሳሷን ተቀብላ በመዳፏ መዘነች፤
ቆየች፤ አላለቀሰች።
«ይህችን ታህል?» አለች።
«ለዚህች?» ደግማ አለች።
«ይቅር» አላለችኝም፤ «ውጣ»ም አላለችኝም፤
በሩን ክፍት ትታ ገባች፤ ብርዱ ይገባል፤ ቆምሁ፤
ልዝጋው ወይስ ልግባ? እስከ ዛሬም አላወቅሁ።

በጸደይ ልጁን አየሁት፣ ከድንጋይ ጫፍ ላይ ሆኖ
እርሳሷን ከመንጠቆው ክር ቋጥሮ፣ በጥርሱ ጨምቆ፣
ይጥላታል ከባሕሩ፤ ትሰጥማለች ወደ ታች፣
አባቱ ወዳለበት፤
ስትመለስ ዓሣ ይዛለች።

እኔ ሚዛን አልይዝም፤ መረብ እጠግናለሁ።
እሑድ ቄሱ ዛሬም «ትል ነን» ሲሉ፣ ሕዝቡ አሜን ሲልበት፣
እኔ ዝም እላለሁ፤
ከጎኔ ያለው ወንበር እርጥብ ነው፣
ማንም ሳይቀመጥበት።