የሎይስ የትራስ ልብስ

ኩደርስፖርት መሽቷል፤ በረዶው አልቆመም፣
ኦርቪል ዛሬም ስቷል፤ ግን አልተቀመጠም።
ቢስትም ቢመታም፣ ባሩድ መች ይለያል?
ሳይታጠብ ያደረ፣ ጠዋት ዝጎ ይታያል።
ሙቅ ውሃ ባፈሙዙ ያንቆረቁራል፤
ቤቱ ድኝ ይሸታል፣ የገማ እንቁላል።

«ከገበታዬ ላይ አንሳልኝ ይሄን ጉድ!»
ትል ነበር ሚስቱ፣ ቱግ ብላ እንደ ባሩድ።

ሰማያዊ አበባ ያለውን የትራሷን ልብስ
በትንሽ በትንሹ ይከፍለዋል በመቀስ።
በዘንግ ገፍቶ ሲያወጣው፦
አንደኛው ከሰል፣
ሁለተኛው ጭቃ፣
ሦስተኛው፣ እንጃ፣ አመድ ሊመስል።
ሰባተኛው ላይ ግን፣ ከመብራቱ ሥር፣
አበባው ብቅ አለ፣ ቅጠሉም ጭምር።

ዘይት ቀባው። ሰቀለው።

የተረፈውን ጨርቅ በስንዝር ለካና
«ለሁለት ተኩስ» አለ፤ አጠፈው እንደገና።