ያልተነካው ሥጋ

ልናገር፤ ከመኪናው ኋላ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፣
ጓንት አጥልቄ፣ ባልዲ ይዤ፣ ሥጋ የበተንኩ።
የማዘጋጃ ቤት ሥራ፤ የሌሊት አበል ሰባ ብር፣
ከአጂፕ እስከ ሂርማታ፣ ውሻ ካለበት በር በር።
ዝናቡ ገና አባርቶ፣ አስፋልቱ ጥቁር መስታወት፣
ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ፣ እኔ ቁራጭ ስቆጥር በጣት።

አዌቱን ተሻግረን፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው በታች
ዘጠኝ ነበሩ፤ አንዱ አንካሳ፣ አንዷ አጥቢ።
ወረወርኩ።
መጡ።
አሸተቱ።
ለሃጫቸው መሬት ነካ፤
ከዚያ (እስካሁን ማንም አላመነኝ) ዘጠኙም
ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ፤
እኔን አዩኝ፣ ሥጋውን አዩት፣
እንደገና እኔን።
«ጠግበው ይሆን?» አለ ሾፌሩ።
የጎድን አጥንታቸው ከሩቅ ይቆጠራል፤
ማን ጠግቦ?

«የዘይኑ ናቸው» አሉኝ በማግሥቱ።
ዘይኑ አባ ቡልጉ፣ ከፖሊስ ውሻ ክፍል ጡረታ የወጣ፤
ሠላሳ ዓመት ባለዘሩን ለፈንጂ፣ ለሌባ ያሠለጠነ፣
በስተርጅና ዘር በሌለው፣ ቤት በሌለው ላይ
ሙያውን ያባከነ፤
ጎረቤት እንዲህ ነው የሚለው። ያባከነ።
ልጁን ሲድር ብዙ ሰው ቀረ፣ «ግቢው ነጃሳ ነው» ብሎ፤
እሱ ለሶላት አንድ ልብስ፣ ለውሻ አንድ ካፖርት ሰቅሎ፣
ሁለቱም በየምስማሩ፣ በየራሱ ግድግዳ፣
«ታጥቤ እቆማለሁ» ይላል፣ «በዚህ የለብኝም ዕዳ»።

ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ አልነገርኩትም።
አጥቢዋ እጄን አሸተተችና ወደ ኋላ ሸሸች።
ዘይኑ እሷን አያት፣ ከዚያ እኔን።
«አንተ ነህ» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ፤ «ተቀመጥ»።
ተቀመጥኩ።
ውሾቹም ተቀመጡ።

«አምና አርባ ሦስት ቀበርኩ፣ ወንዙ ዳር፣ በዚህ አካፋ።
መንገድ ላይ የሚያድር ውሻ አጥር የለው፤
እኔም አጥር የምሠራበት የለኝ።
አንድ ቃል ግን አለችኝ፤ ዺሲ። ተው።
እሷን አፋቸው ላይ አጠርኩላቸው።»

መጀመሪያ በደረቅ ዳቦ፣ ቀጥሎ በአጥንት፣
በመጨረሻ መዳፉ ላይ ትኩስ ጉበት ይዞ።
«ኛዹ» እስኪል ድረስ፣ ብላ እስኪል፣ አንድም አይነካ።
የሚያሠለጥነው በረመዳን ነበር፣ ከአሱር በኋላ፤
«እኩል ስንራብ ነው» ይል ነበር፣
«እኩል የሚገባን»።

ወዲያው ሥራዬን ተውኩ ብል ውሸት ነው።
አራት ወር ሙሉ ሌሊት በተንኩ፣
ቀን ሄጄ ጉበት ከተፍኩለት።
ያውቅ ነበር። ቢላዋውን አቀበለኝ እንጂ
አንድ ቀን አልጠየቀኝም።
በአምስተኛው ወር ባልዲውን መለስኩ።

በሐምሌ፣ ጅሬን ጉም ውጧት ሳለ፣ ሳንባው ከዳው።
አስከሬኑ ሲወጣ ውሾቹ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ፤
ማንም ድንጋይ አላነሳባቸውም፣
ያን ቀን ብቻ።

ሦስት ቀን ሥጋ አመላለስኩ።
ንጹሕ ሥጋ፣ በገንዘቤ፣ ከሰፈሩ ልኳንዳ።
አንካሳው ሹፌር፣ ዳማ፣ ጠበቃ፣
አጥቢዋ፣ እሱ መብራት ያላት፣
ቁጢጥ።
እኔን አዩኝ፣ ሥጋውን አዩት፣
እንደገና እኔን።

ቃሉን አላጣሁትም። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።
ግን በየትኛው አፌ?

በአራተኛው ቀን ካፖርቱን ከምስማሩ አወረድኩ፤
እጄ ላይ ረዘመ፣ እርጥብ ሱፍ ይሸታል፣ እሱን ይሸታል።
ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ።
ከሥጋው ቆረጥኩና እያዩኝ፣
መጀመሪያ እኔ ጎረስኩ፣
አኘክሁ፣
ዋጥኩ።
ጠበቁኝ። እንዳልሞትኩ እስኪያዩ ጠበቁኝ።
ከዚያ፣ በተሰበረ ኦሮምኛዬ፣
«ኛዹ» አልኩ።

መብራት አንድ ጆሮዋን አቀናች።