ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት

ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ግዲኒያ ተኝታ፣
የባሕሩ ጉም ወጥቶ ከጣሪያ ጣሪያ ሲንገላታ፣
እኔ ነቅቻለሁ።
ሃያ ስምንት ዓመት ወደብ ላይ፣ ክሬን ውስጥ፣ በሌሊት ተራ ያደረ ሰው
ራሱ ጡረታ ቢወጣ፣ ዓይኑን ጡረታ ማን ያውጣው?
መብራት አጠፋለሁ፤ ወንበሬን ወደ መስኮቱ እስባለሁ፤
ካልሲ በካልሲ ደርቤ እጠብቃለሁ።

መጀመሪያ ድምፅ ነው፣ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ፣
ቀጥሎ ወፍራም ትንፋሽ።
ከዚያ እሷ።
ከጫካው ዳር፣ በተሰበረው አጥር፣
ጥቁር፣ ጎባጣ፣ አንድ ጆሮዋ የተተለተለ፣
ጎማ እንደጎደለው ጋሪ ወደ ግራ እያዘነበለች፣
የቤቱ ባለቤት መስላ ገባች።
ግልገሎቿ ከኋላ፣ ሰባት። አይ፣ ስምንት።
ቡናማና ቢጫ ሸንተረር ለብሰው፣
በቅናሽ ቀን አንድ ዓይነት ፒጃማ የተገዛላቸው
እኅትና ወንድማማች ይመስላሉ።

ስም አላወጣሁላቸውም፤
ስም ያወጡለት ሲቀር ያማል።
እቆጥራለሁ ብቻ።
በመብራት ደረሰኝ ጀርባ እጽፋለሁ፦
«ማክሰኞ፣ ስምንት። ዓርብ፣ ሰባት። እሑድ፣ ሰባት።»
ዓርብ ምን እንደሆነ አላየሁም፤
ከጫካው ወዲያ ያለው አውራ ጎዳና ግን ሌሊትም አይተኛም።

ሉቦሚር የተከለው የቱሊፕ መደብ ነበር፣
ክብ፣ እንደ ሰሃን፣ ድንጋይ የተደረደረበት ዳር ዳር።
ከሞተ ወዲህ ውሃ አጠጣለሁ፣ አረም እነቅላለሁ፣
ከበስተኋላዬ ቆሞ እንደሚያየኝ እጠነቀቃለሁ።
በሚያዝያ አንድ ሌሊት
በአፍንጫዋ ማሰችው።
ሥሩን እንደ ሽንኩርት እየቆረጠመች፣
ግልገሎቿ እየጮኹ ሲሻሙ፣
ዓይኔ እያየ ጨረሰች።

መጥረጊያ ይዤ እስከ በሩ ሄጄ ነበር።
እጄ መዝጊያው ላይ ቀረ።
ምን ልበላት? «የባሌ ነው» ልበላት?
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
ቱሊፕ ወድጄ አላውቅም፤
ለእሱም አልነገርኩትም።

ጎረቤቴ አቶ ቫለንቲ ሆደ ባሻ አይደለም፤
ሣሩን በመቀስ ለሚከረክም ሰው የአሳማ ቀልድ የለም።
ወረቀት ይዞ በየቤቱ ዞረ። «ይፈርሙ» አለኝ።
«መነጽሬ ጠፍቶብኛል» አልኩት።
መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር።
አየው። ዝም አለ። ሄደ።

ማዘጋጃ ቤቱ ካችፐር የሚባል ለጋ ልጅ ላከ፣
የብረት ወጥመድ አጥሩ ጥግ ተከለ፣ በቆሎ ነሰነሰ።
«እናቴ፣ አይፍሩ» አለኝ።
እኔን! ስልሳ ሜትር ሽቅብ
ነፋስ እንደ ተሰጣ ልብስ ያወዛወዘኝን!
«እሺ ልጄ፣ አልፈራም» ብዬ ሻይ ሰጠሁት።

ሦስት ሌሊት በቆሎው ሳይነካ አደረ።
መጣች፤ ዞረችው፤ አሸተተች፤
የቀረበውን ግልገል በአፍንጫዋ ወዲያ ገፋች።
በአራተኛው ሌሊት ወጥመዱ «ቋ!» ብሎ ተዘጋ፣
ልቤም አብሮት።
ባትሪ ይዤ በሌሊት ልብሴ ስወጣ፣
ውስጡ የቫለንቲ ውሻ፣ ባሮን፣
አፉን በቆሎ ሞልቶ፣ ጭራውን እየቆላ።
ሣቅሁ።
ሉቦሚር ከተቀበረ ወዲህ እንዲያ ሥቄ አላውቅም፤
ፎቅ ያለው የቫለንቲ መስኮት እስኪበራ ድረስ ሣቅሁ።

አሁን ሰኔ ነው። ወጥመዱ ተነሥቷል።
የግልገሎቹ ሸንተረር እየደበዘዘ ነው፤
ፒጃማው እየጠበባቸው።
መደቡ ውስጥ ያልዘራሁት ነገር በቅሏል፣
አረም ይሁን ሌላ ገና አልለየሁትም።
«አጥሩን ለምን አያስጠግኑም?» ይላል ቫለንቲ።
«መዶሻው ጠፍቶብኛል» እላለሁ፣
መዶሻው ከጀርባዬ፣ ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ።

ዛሬ ሌሊት ጉሙ ወፍራም ነው።
እሷ መጣች፤ ከመስኮቱ ትይዩ ቆመች፤
ጨለማውን አየች ወይም እኔን።
ከኋላዋ ስድስት ይሁኑ ሰባት፣
በደንብ አልታየኝም።
ደረሰኙን ገለበጥኩ፤
«ስምንት» ብዬ ጻፍኩ።