በእርሳስ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ

ዕለቱ ሐሙስ፤ ቦታው ጉማራ አፍ፣
ወንዙ ጭቃውን ለጣና ከሚያስረክብበት ጠረፍ።
የተገኙ፦ ሠላሳ አራት፤
ሁለቱ ለውኃ ሞተር ጥበቃ ቀሩ፣ አንዱ ልጅ ታሞበት።
ጸሐፊ፦ እኔ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ፣
እርሳሴን በማጭድ የቀረጽሁ።

አጀንዳ አንድ፦ ሚዛን።

ወይዘሮ አድና ተነሣች።
«ወፍጮ ቤት መቶ አሥራ አራት ያለ ሽንኩርት» አለች፣
«ደላላው መንጠቆ ላይ ሲሰቀል መቶ ነው፤
የቀረውን አሥራ አራት ኪሎ የበላው ማነው?
ብረት ጥርስ አለው እንዴ? ነፋስስ ሽንኩርት ይበላል?
በልቶስ እንደ እኔ ዓይኑ ያለቅሳል?»
ሳቅ ሆነ። አልመዘገብሁትም፤
ሳቅ አጀንዳ አይደለም።

እንየው ቀጠለ፦ «ማዳበሪያው በዱቤ፣
ዘሩ በዱቤ፣ ናፍጣው በዱቤ፤
የእኔ ብዬ የቀረኝ ላቤ።»
«እሱም» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣
«በኪሎ ቢሸጥ ኖሮ፣ መዛኙ ያው ደላላ።»

መምህር ልየው፣ ታሪክ የሚያስተምረው፣ እጁን አወጣ፦
«ሩቅ አገር፣ አሜሪካ፣ ከመቶ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ጣጣ
በገበሬው ላይ መጣ።
በቆሎው ለምድጃ ነደደ፣
ዋጋው ከከሰል በታች ስለወረደ።
ባቡሩ የባለጸጋ፣ ጎተራው የባለጸጋ፣ ብድሩ የባለጸጋ፤
የገበሬው ድርሻ በረዶና አደጋ።»
«ምን አደረጉ ታዲያ?»
«ተሰበሰቡ። በየትምህርት ቤቱ፣ በየዛፉ ጥላ።
መጀመሪያ ሂሳብ ተማሩ፣ ሕጉን ኋላ፤
ከዚያ ከራሳቸው መሃል ሰው መረጡ።»
«እኛ ባቡር የለን» አለች አድና።
«ባቡራችን አይሱዙ ነው» አለ ያው የኋላው ሰው።
ይኸኛውን ሳቅ መዘገብሁ።

ውሳኔ፦ ማንም ለብቻው እንዳይሸጥ፤ ሚዛን በጋራ እንዲገዛ፤
ብር የሌለው ዶሮ ይስጥ፤
ደምስም ሊቀ መንበር ይሁን፣ ምላሱ ሰው ስለሚገዛ።

አራት ቀን ሽንኩርት አልወጣም።
አይሱዙዎቹ አስፋልት ዳር ቆመው ዝንብ ጫኑ።
አድና ማታ ማታ ማሳ ዞረች፣ ተደብቆ የሚሸጥ እንዳይኖር፤
የገዛ ወንድሟን ከነጆንያው መለሰችው፣ ሳታፍር።
በአምስተኛው ቀን ደላላው ወደ እኛ ሚዛን መጣ፣
ጫማውን ጭቃ እየዋጠው፣ ግንባሩ ላብ እያወጣ።
መቶ፣ መቶ ሆነ።
ያን ሌሊት የጣና ማዕበል እንኳ
እየቆጠረ የሚመታ መሰለኝ።

ከዚያ ደምስን ለምክር ቤት መረጥነው።
በጭብጨባ፣ በእልልታ፣ አዲስ ኮት አዋጥተን ላክነው።
ባሕር ዳር፣ ዘንባባው ተሰልፎ ከቆመበት ጎዳና፣
ቢሮ ሰጡት፤ መስኮቱ የሚያሳይ ጣና።
መጀመሪያ ስልክ ያነሣ ነበር።
ኋላ «ስብሰባ ላይ ነኝ» አለ።
ስብሰባ!
እኛ ያስተማርነው ቃል።

በሁለተኛው በጋ መንጠቆው ተመልሶ መጣ፤
ደላላው የደምስን ሰላምታ ይዞ፣ ሌላ ምንም ሳያመጣ።
የጋራው ሚዛን ቀበሌ ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል፣
ቁልፉ «ለጊዜው» ባሕር ዳር ሄዷል።

መምህር ልየውን ጠየቅሁት፦
«የእነዚያስ መጨረሻቸው? በቆሎ ያነደዱት?»
ጠመኔውን ከጣቱ አራገፈ።
«ትልቁ ፓርቲ ንግግራቸውን ወሰደ» አለ፣
«ሰዎቹን ተወ።»

ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ጫኔ ታንኳ ያስራል።
አንድ ደንገል ብቻውን አይሻገርም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።
እሱ ያለኝ ሌላ ነው፦
«ታንኳ ውኃ ላይ ካደረ ውኃ ይጠጣል።
ትናንት ዓሣ ያመጣልህ እሱ፣ ነገ ይዞህ ይሰጥማል።
ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ደንገል ነው፣ ይጠጣል።
ሲመሽ አውጣው። አቁመው። ፀሐይ ይየው።»

ዕለቱ ሐሙስ። ቦታው ጉማራ አፍ።
የተገኙ፦ አሥራ ዘጠኝ።
አጀንዳ አንድ፦ ሊቀ መንበር በየስንት ጊዜው ይሰጣ?
አድና «በየዓመቱ» አለች። እንየው «በየጨረቃዋ»።
የኋላው ሰው አልመጣም፤ ቀልዱ ቀረብን።
እስኪጨልም ተከራከርን፣ አልተስማማንም።
አለመስማማታችንን ጻፍሁት።
እርሳሱ አጥሯል፤
ማጭዱ ግን አለ።