አቧራው የት ሄደ?

ሰኞ ሠርግ የለም።
ሰኞ ኬክ አይቆረስም፣ ሙሽራ አይቆምም፣
«ትንሽ ፈገግ በሉ» ብዬ አልለምንም።
ሱቄን እዘጋለሁ፤
ካሜራዬን ይዤ ባጃጅ እይዛለሁ፤
ሰው የተዋቸውን ቤቶች አነሳለሁ።

ወፍጮ ቤት አለኝ፣ ጣራው የተነቀለ፣
በሩ ላይ ዛሬም «ዱቄት አለ» የሚል ጽሑፍ ያለ።
ፎቅ አለኝ፣ በሦስተኛው ደርብ ብሩ ያለቀበት፣
ብረቱ እንደ ጠጉር ቆሞ ቁራ የሚያርፍበት።
የወንጂ ማሳም አለኝ፣ አገዳው ሲቃጠል፣
ጥቁር ላባ መስሎ ጥላሸት አየር ላይ ሲንጠለጠል።

የድሮው ባቡር ጣቢያ ግን ልዩ ነው።
ሐዲዱን ሣር የዋጠው፣ ቆርቆሮውን ሙቀት የሚያስጮኸው፣
የትኬት መስኮቱ በሽቦ የታሰረ፣
ሰዓቱ አራት ተኩል ላይ የቀረ፤
የጠዋት ይሁን የማታ ማንም ያልነገረ።

አንድ ሰኞ፣ በቆሸሸው መስኮት ፀሐይዋ ስትፈስ፣
አቧራው በጨረሩ መሃል ሲንሳፈፍ፣ ሲወጣ፣ ሲመለስ፣
ትንፋሼን ዋጥኩና ጣቴን ሳሳርፍ ባትሪዬ ሞተ፤
ብርሃኑም ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ሄደ፣ ጠቅልሎ ከተተ።
«ሰኞ እመለሳለሁ» አልኩት ለዘበኛው፣ ለጋሽ ቡልቶ፤
«እዚሁ ነኝ» አለኝ፣ ከወንበሩ በከፊል ተነስቶ።

ጋሽ ቡልቶን ልንገራችሁ።
ሳነሳ ሁልጊዜ ከጥግ በኩል አንድ ነገሩ ብቅ ይላል፤
ወይ ክርኑ፣ ወይ ዱላው፣ ወይ በዚያ ሙቀት የማያወልቀው ካፖርት ይገባል።
ቤቴ ገብቼ እቆርጠዋለሁ። ባዶው ባዶ ይሆናል።

በሳምንቱ ሁለት ባትሪ ሞልቼ፣ ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ ተሸክሜ፣
ስደርስ፣ ከበሩ ላይ ቀረሁ ቆሜ።
ወለሉ ተጠርጓል።
ውሃ ተርከፍክፎበት ሲሚንቶው ያበራል።
መስኮቱ ታጥቧል፣ በጋዜጣ ተወልውሏል፣
የሸረሪቱ ድር፣ ያ የወደድኩት፣ በመጥረጊያ ጫፍ ተጠቅልሏል።
ፀሐይዋ ገብታለች፤ ጨረር ግን የለም፤
የሚደገፈው አቧራ ካጣ ብርሃን አይታይም።

«አቧራው የት ሄደ?» አልኩ፣ ድምፄ ተሰበረ።
እሱ ግን ደስ ብሎት፣ ግንባሩ ላብ ቋጥሮ፣ እጁ እርጥብ ነበረ።
«ከንጋት ጀምሬ ነው። እንግዳ ካሜራ ይዞ ይመጣል እየተባለ
እንዲያ ይጠበቃል? ነውር አይደለም ወይ፣ ዘበኛው እያለ?»
ዝም አልኩ።
«ሰምቼሻለሁ፣ ባዶ ቤት ነው ትያለሽ ለሰው ስታሳይ፤
እኔስ ሃያ ሁለት ዓመት ያደርኩት ሜዳ ላይ ነው ወይ?»

የውሃ ጋኑ ላይ ወጣሁ፣ የዛገውን መሰላል በፍርሃት ይዤ፣
ከተማዋን ላነሳ፣ ቁጣዬን አርግዤ።
ከዚያ ላይ አዳማ ሙሉ ናት፦ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ፣ ብልጭ የሚል ፎቅ፣
ጋሪ፣ የፈረስ ደወል፣ የተሰጣ ልብስ፣ ገበያ ሲደምቅ፣
ከጀርባዋ ኮረብታው ላይ ነጫጭ ተርባይኖች ቀስ ብለው ሲዞሩ፣
ነፋሱን ሲቆጥሩ፣ ስንት እንደደረሰ ሳይናገሩ።
ከታች፣ ከሁሉም ከታች፣ አንድ ሰው መጥረጊያውን ያራግፋል።
ያ የጠፋው አቧራዬ በፀሐይዋ ፊት ደመና ሆኖ ይነሳል፣ ያልፋል።

አነሳሁት?
አላነሳሁትም። አንድ እጄ መሰላሉን ይዞ ነበር።

ስወርድ «ጉርድ ፎቶ አንሺኝ» አለ «ለጡረታ ደብተሬ፤
የቀድሞውን አይጥ በላብኝ፣ እነሱም ይላሉ ነገ ዛሬ።»
ነጭ ግድግዳ ስንፈልግ የትኬቱ ክፍል ተገኘ፣ ያው እሱ ያጠበው፤
ካፖርቱን ቆለፈ፣ ጺሙን ዳበሰ፣ አንገቱን እንደ ሹም ሰበቀው።

አራት ፍሬ አትሜ ማግስቱን ሰጠሁት።
አገላበጠው፣ ከዓይኑ አራቀው፣ ጀርባውንም አየው፤ ጠበቅሁት።
«እኔ ነኝ። ጥሩ ነው» አለ።
ቆየና፦ «ግን ልጄ፣
ጣቢያው የታለ?»