ሁለት አዳኝ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ፣
ጤና ጣቢያው በር ላይ ጎህ ሳይቀድ ስጠብቅ፣
አዛጋለሁ ሰባት፣ አዛጋለሁ ስምንት፤
አጥንቴ ይጮሃል ልክ እንደዚያ ክረምት፣
መርፌውን የጣልኩ ለት።

እምላለሁ፣ አልነካሁም።
አሥራ አራት ወር ሙሉ የድሮውን ሰፈር በእግሬ አልረገጥኩም።
ሜታዶኔን በኩባያ ሲስተር ፊት እየጠጣሁ፣
አፌን ከፍቼ እያሳየሁ፣
ሰው ሆኜ ነበር፤ ብሎኬት እሸከም ነበር።

ከዚያ ሳል መጣ። ከዚያ አክታ፣ ከዚያ ሌላ ካርድ፣
በባዶ ሆድ የሚዋጥ ቀይ እንክብል፣
ስድስት ወር፣ አንድ ቀን ሳይዘለል።
ሽንቴ ሚሪንዳ ሆነ፣ እንባዬም ብርቱካን፤
«ቀለም ፋብሪካ ከፈትክ?» ብሎ ሳቀብኝ ጉደታ አንድ ቀን።

ሳሉ ቀለለ። እኔ ግን ከበድኩ።
ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፤ ብገላበጥ አንሶላው ራሰ፤
ወንድሜ ሽብሩ በባትሪ ክንዴን ዳሰሰ፣
የመርፌ ቀዳዳ ፍለጋ።
አላገኘም። አላመነምም።
«አመል ያወጣል ከመሐል» ብሎ
የበሩን ቁልፍ ተቀበለኝ ሲነጋ።

ዛሬ ሲስተር ወይንሸት ሁለቱን ካርድ ጎን ለጎን ዘረጋች፤
ዝም ብላ ቆየች፣ እስክሪብቶዋን ነከሰች።
«ውሸታም አይደለህም» አለችኝ።
ከዚያ ስለ ጉበት ነገረችኝ፦
ቀዩ ሲገባ ጉበትን ይቀሰቅሳል፣ ያጣድፋል፤
ሜታዶኑ ገና ሳይመሽ ከደም ታጥቦ ይጠፋል።
የሳንባው ክፍል የሱሱን ካርድ አያውቀውም፤
ኮሪደሩ አሥር እርምጃ ነው፣
ማንም አልሄደውም።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል፤
አንዱ ባላ ሌላውን ሲበላስ?
ምስጥ ሆኖ ከውስጥ ሲፈለፍል?
ሁለት አዳኝ ገቡ ባንድ ቀጭን ጫካ፤
አንዱ ሲያነጣጥር ሌላውን ነው ለካ።

መጠኑን ጨመረችልኝ፣ ጥቂት በጥቂት።
«ሽብሩን አምጣው፣ እኔ እነግረዋለሁ።»
በሩ ጋ ስደርስ ደግማ ጠራችኝ፦
«ቀዩ ሲያልቅ ጉበትህ ይረጋል፤
ያኔ የዛሬው መጠን ይበዛብሃል፣
እንቅልፍ መስሎ ይወስድሃል።
ዳንኩ ብለህ እንዳትቀር።»

ሰኔ ላይ ያልቃል። ቀኑን ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፍኩ።
ሰው የሚፈራው የሚታመምበትን ቀን ነው፤
እኔ የምድንበትን።
ያኔ፣ ሽብሩ፣ ሌሊት ባትሪህን አብራና
ክንዴን ተወው፤
ትንፋሼን ቁጠር።